አንገት ሲገትር፦ ከዘር የመጣውና በእጃችን ያለው
(በአዲ አርቃይ ለሕዝብ የቀረበ ዲስኩር)



ጦርነት ባለፈበት አገር ስለ አንገት መገተር ማውራት ቅንጦት ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። አዲ አርቃይ የቆሰለ ያልዳነበት፣ የተፈናቀለ በቅጡ ያልተቋቋመበት ወረዳ ነው። ሆኖም ዛሬ የማነሣው በሽታ ድምፅ ሳያሰማ ጉልበት ያለውን ገበሬ፣ ቤት የምታስተዳድር እናትን ከእግራቸው ላይ የሚያወርድ ነው። ደግሞም ቀድሞ ካልታወቀ በኋላ የሚመለስ ነገር ጥቂት ስለሆነ ጊዜ አይሰጥም።

የአከርካሪ አጥንቶቻችንን ከላይ እስከ ታች አያይዞ የሚያስራቸው ጅማት አለ። በግ ወይም ፍየል ያረደ ሰው ያውቀዋል፤ ብልት ሲያወጣ አጥንትን ከአጥንት አጥብቆ ይዞ ቢላዋ አላስገባ የሚለው ነጩ ነገር የእሱ ዓይነት ነው። ጤነኛ ጅማት ይለጠጣል፣ ይታጠፋል፤ ጎንበስ ቀና የምንለው በእሱ ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ይህ ጅማት ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ውስጥ፣ ወደ አጥንት ይለወጣል። አጥንት መሰለ ማለቴ አይደለም፤ ቅልጥም ያለው፣ ደም የሚዞርበት፣ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ እውነተኛ አጥንት ይሆናል። በአከርካሪው ፊት በኩል ባለው ጅማት ላይ ሲሆን ጀርባን ያገትራል እንጂ ብዙ ጊዜ ሽባ አያደርግም። ፈረንሳዊው ፎሬስቲዬና ባልደረባው ይህንን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ1950 በዝርዝር ጽፈውታል። የሚያስፈራው ከአጥንቱ በስተኋላ፣ ከኅብለ ሰረሰሩ ፊት ለፊት ያለው ጅማት አጥንት ሲሆን ነው፤ በተለይ አንገት ላይ።

ኅብለ ሰረሰሩ የሚያልፍበት የአንገት አከርካሪ ቦይ ከፊት ወደ ኋላ ስፋቱ በአዋቂ ሰው በአማካይ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከአውራ ጣት ወርድ አይበልጥም። ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚወርደው ትእዛዝ፣ ከእጅና እግር ወደ አንጎል የሚወጣው ስሜት ሁሉ በዚህች ጠባብ መንገድ ያልፋል። ጃፓናውያን ሐኪሞች ሕሙማንን ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ያገኙት ነገር ግልጽ ነው። ለኅብለ ሰረሰሩ የቀረለት ቦታ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰባቸው ሁሉ የመጨቆን ምልክት አሳይተዋል፤ 14 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የቀረላቸው ግን አንዳቸውም አላሳዩም። በመካከል ያሉት ዕጣቸው በአንገታቸው እንቅስቃሴና በሚደርስባቸው አደጋ ይወሰናል። ለዓመታት ደህና የኖረ ሰው ከበቅሎ ወድቆ ወይም ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ በአንድ ቀን እጅ እግሩ ሊከዳው ይችላል።

እስቲ አሁን ሁላችሁም ቀኝ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። መዳፋችሁ ወደ መሬት ይሁን። እኔ "ጀምሩ" ስል እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ጨብጡ፣ ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፤ በተቻላችሁ ፍጥነት፣ እየቆጠራችሁ። 10 ሰከንድ እሰጣችኋለሁ። ጀምሩ። ... በቃ። ጤነኛ አዋቂ ሰው በ10 ሰከንድ 20 ጊዜና ከዚያ በላይ መጨበጥና መዘርጋት ይችላል። ኅብለ ሰረሰሩ አንገቱ ላይ የተጨቆነ ሰው ግን ጣቶቹ ይዘገዩበታል፤ ሲዘረጋም ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ አልፈታ ይላሉ። ከ20 በታች የቆጠራችሁ አትደንግጡ። የእጅ ብርድ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ እርጅና፣ አሮጌ ስብራትም ያዘገያል። ግን ቁጥሩን ያዙት፤ ለሐኪም ስትነግሩት ይጠቅማል። ይህን ፈተና እ.ኤ.አ. በ1987 ጃፓናውያን የአጥንት ሐኪሞች አሳተሙት፤ ከሰዓት በቀር የሚጠይቀው መሣሪያ የለም። ሽቅብ ቁልቁል ስትሉ የምትውሉ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ በየደረሳችሁበት ቤት ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ከዚህ ፈተና በፊት ሌላ ነገር የሚታዘብ ሰው አለ። እንጀራ ቆርሶ ወጥ ለመጠቅለል ጣት እሺ አልል ሲል፤ የሸሚዝ ቁልፍ በዓይን ካልታየ አልገባ ሲል፤ አባቶች መቁጠሪያ ሲይዙ እንክብሎቹ ከጣታቸው ሲያመልጡ። እግር ደግሞ ይደርቃል፤ ዳገት መውጣት ሳይሆን ቁልቁለት መውረድ ያስፈራል። ደባርቅ ሄዶ የሊማሊሞን ቁልቁለት በእግሩ ሲወርድ የኖረ ሰው "እግሬ አልታዘዝ አለኝ" ካለ፣ ያንን ቃል በዋዛ አትለፉት።

እንዲህ ያለ ሰው አገራችን ውስጥ ምን ይባላል? መጀመሪያ "ብርድ ነው" ይባላል። ወጌሻ ይጠራል፤ ጀርባ ይታሻል፤ አንገት ይጠመዘዛል። ወጌሻን ላንቋሽሽ አልተነሣሁም፤ የወለቀ ክንድ የሚመልስ እጅ አላቸው። ነገር ግን አጥንት የሆነ ጅማት ያለበትን አንገት በኃይል መጠምዘዝ ኅብለ ሰረሰሩን ሊቀጠቅጠው ይችላል። እጁ የደነዘዘ፣ እግሩ የደረቀ ሰው አንገቱን ለማንም እጅ አይስጥ፤ ይህን ያለ ምንም ማመንታት እላለሁ። ሕመሙ ሲቆይና አባቱም እንደዚያው እንደነበር ሲታወስ ደግሞ ሁለተኛው ፍርድ ይመጣል፤ "ዘራቸው ነው" ይባላል፤ ነገሩም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሐኪም ጋ መሄድ ከንቱ ድካም ይሆናል፤ የቤቱን ልጅ ለማግባትም ሰው ያመነታል።

እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት "ዘራቸው ነው" የሚለው ንግግር ከግማሽ በላይ እውነት መሆኑን፣ የሚሰጠው ፍርድ ግን ስሕተት መሆኑን ነው።

ጃፓን ውስጥ ይህ በሽታ ብዙ ነው። አንገታቸውን ራጅ ከተነሡ አዋቂዎች መካከል ከ100 ከ2 እስከ 4 ያህሉ ላይ ይገኛል፤ ወንዶች ከሴቶች በእጥፍ ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት የ347 ሕሙማንን ቤተሰቦች መረመረ፤ ከሥጋ ዘመዶቻቸው መካከል 23 በመቶ ያህሉ ላይ ያው የአንገት ለውጥ ተገኘ። ይህ ከተራው ሕዝብ ከአምስት ጊዜ በላይ ይበልጣል። እንግዲያው ዘር አለበት። ግን ቆም ብላችሁ ሌላውን ወገን ቁጠሩት፤ ከ100 የሥጋ ዘመዶች 77ቱ አልያዛቸውም። ተይዘው ገና ኅብለ ሰረሰራቸው ያልተጎዳም ነበሩ፤ በሌላ የረጅም ጊዜ ክትትል ሲጀመር የመጨቆን ምልክት ካልነበረባቸው ሕሙማን መካከል ከ30 ዓመት በኋላ እንኳን 71 በመቶ ያህሉ ምልክቱ ሳይመጣባቸው ቆይተዋል።

ዘረመሎቹስ? አንድ ጥፋተኛ ዘረመል ፈልገው የጀመሩ ሰዎች አንድ አላገኙም። መጀመሪያ የተጠረጠሩት የጅማት ዋና ግንባታ የሆነውን ኮላጅን የሚሠሩት ነበሩ፤ ከ1998 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በክሮሞዞም 6 እና በክሮሞዞም 21 ላይ የሚገኙ ሁለት የኮላጅን ዘረመሎች ስማቸው ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1,000 በላይ የጃፓን ሕሙማን ከብዙ ሺህ ጤነኞች ጋር ተነጻጽረው በክሮሞዞሞች ላይ ስድስት የስጋት ቦታዎች ተለዩ፤ በ2023 ቁጥሩ 14 ደረሰ። እያንዳንዱ የሚጨምረው ስጋት ትንሽ ነው። አንድ ሰው ጥቂቶቹን ይወርሳል፣ ወንድሙ ሌሎቹን፣ እኅታቸው ምንም። "ዘር" የምንለው ነገር ወደ ውስጡ ሲታይ እንዲህ የተበታተነ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የአንዲት አይጥ ታሪክ ነው። ጃፓን ውስጥ በጣቷ ጫፍ የምትራመድ የአይጥ ዝርያ ነበረች። ለምን እንዲህ ትራመዳለች ብለው ሲመረምሯት አከርካሪዋን የሚያስሩት ጅማቶች አጥንት ሆነው ኅብለ ሰረሰሯን ጨቁነዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ምክንያቱ ታወቀ፤ ኢኤንፒፒ1 የተባለው ዘረመል ተበላሽቶባት ነበር። የዚህ ዘረመል ሥራ ፓይሮፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር እንዲመረት ማድረግ ነው፤ ፓይሮፎስፌት ደግሞ ካልሲየም ባልተፈቀደለት ቦታ እንዳይጠጥር የሚከለክል ነው። ይኸው ዘረመል በተበላሸባቸው ጥቂት ሰዎችም ላይ ጅማት አጥንት ሲሆን ታይቷል። እኛ "ዘር ከልጓም ይስባል" እንላለን፤ ዘር አንድ ነገር፣ ልጓም ሌላ ነገር አድርገን። አይጧ የምታሳየን ልጓሙም ከዘሩ ጋር የሚወረስ መሆኑን ነው። ሰውነታችን ጅማቱን አጥንት እንዳይሆን የሚይዝ ልጓም ተሰጥቶታል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ይላላል። ስለዚህ ጥያቄው ልጓሙ የላላበት ሰው ከውጭ ምን ቢያገኘው ይጎዳል፣ ምን ቢጠነቀቅ ይተርፋል የሚል ይሆናል።

የዚህን መልስ ለማየት ጃፓን መሄድ አያስፈልግም። ወንጂ አለልን።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ሥራ ጀመረ። ሠራተኛው ከየአገሩ ሄደ። ወንጂ ያለበት የስምጥ ሸለቆ መሬት እሳተ ገሞራ የወለደው ስለሆነ ከርሰ ምድር ውኃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ውስጥ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ያንን ውኃ በልጅነት የጠጣ ጥርሱ ይቦረቦራል። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የጠጣ አዋቂ ግን አጥንቱ ይወፍራል፤ ጅማቱም አጥንት ይሆናል። ሰውየው አንገቱን ማዞር አቅቶት ወደ ጎን ለማየት መላ አካሉን ያዞራል፤ ወገቡ ወደ ፊት እንደጎበጠ ይቀራል፤ ጫማውን ጎንበስ ብሎ ማሰር ያቅተዋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር የስምጥ ሸለቆውን ፍሎሮሲስ ለዓመታት አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍም ይህ የወፈረ አጥንትና ጅማት ኅብለ ሰረሰርንና ከእሱ የሚወጡትን የነርቭ ሥሮች እንዴት እንደሚጨቁን አሳይተዋል። ጃፓናዊው ከዘሩ ያገኘው በሽታ እና ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ ከውኃ ያገኘው በሽታ በመጨረሻ አንድ ቦይ ውስጥ ተገናኙ።

አንድ ውኃ የጠጡ ሁሉ ግን እኩል አልተጎዱም። ለምን? ሁለት የአይጥ ዝርያዎች እኩል ፍሎራይድ ያለው ውኃ ተሰጥቷቸው አንደኛው ዝርያ ጥርሱ ክፉኛ ሲጎዳ ሌላው ብዙም ሳይነካ ቀርቷል። ልዩነቱ የዘር እንጂ የውኃ አልነበረም። እንግዲህ ወንጂ ላይ የትኛውን ትፈታላችሁ? ዘሩን መለወጥ አይቻልም፤ ውኃውን ማጥራት ግን ይቻላል። ልጓሙ የላላበትም ያልላላበትም ንጹሕ ውኃ ከጠጣ ሁለቱም ይድናሉ።

ይህንን ነገር በሌላ በሽታ ላይ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ቀድመው አሳይተውታል። ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት፣ ከትንኝ ሳይሆን በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው፣ በወላይታ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ተያይዞ ይታያል። ሰዉ "የዘር ነው" እያለ ለጋብቻ ይርቃቸው ነበር። ጥናቱ ሲካሄድ የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው የሰውነት መከላከያን ከሚቆጣጠሩ ዘረመሎች ጋር ያለውን ግንኙነት በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አወጡት። ዘር አለበት የሚለው አባባል ተረጋገጠ። መድኃኒቱ ግን ጫማና ሳሙና ነው! ጫማ የሚያደርግ ልጅ ዘረመሉን ይዞ ይኖራል፤ እግሩ ግን አያብጥም።

ወደ ራሳችን ተራራ ልመለስ። የሰሜን ሰዎች ዘረመል ለሳይንስ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች ውስጥ በአምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምሮ ዓለምን አስገርሟል። አየሩ ቀጭን ቢሆንም ደማቸው ኦክስጅን የሚይዘው ልክ በባሕር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላም ዘረመላቸው ራሱ ተመርምሯል። እንግዲህ ለሳንባና ለደም የተጠና ዘር ለአንገትና ለጀርባም ሊጠና ይገባዋል። የስጋት ቦታዎቹ የተለዩት በጃፓናውያን ደም ነውና እንዳለ ወስደን እኛ ላይ ልንለጥፋቸው አንችልም። ሌላም አለ፤ የ2023ቱ ጥናት ውፍረት ራሱ ጅማቱን ወደ አጥንት እንደሚገፋ አሳይቷል፤ የስኳር በሽታም ከዚህ ሕመም ጋር ሲነሣ ቆይቷል። በጎንደር ገጠር የሚታየው ስኳር ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከሲታውን ገበሬ ነው። የራሳችንን ሰው ራሳችን ካልመረመርን የሌላውን ሰው ስጋት ስንሸከም እንኖራለን።

ለዚህ ደግሞ መሣሪያው በአጠገባችን አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳባት ላይ የሕዝብና የጤና ክትትል ያካሂዳል፤ ማን የት ቤት እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣና እንደሄደ ይመዘገባል። በዚያ መዝገብ ላይ የእጅ ጭበጣ ቁጥርና "አባትህ አንገቱ ይገትር ነበር ወይ?" የሚል አንዲት ጥያቄ ብትጨመር ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ የምትሰጠው እውቀት ግን ከዳባት አልፎ የሚሄድ ነው። እዚህ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲና የጤና መምሪያ ሰዎች ይህን እንድትመክሩበት እጠይቃለሁ።

እኛ ራሳችንም መዝገብ አለን። ልጅ ስናጋባ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንቆጥራለን። ከሰባት ቤት ወዲህ ያለ ዘመድ እንዳይጋባ አባቶች ተቀምጠው በአባት በእናት እየዘረዘሩ ሲቆጥሩ፣ የአያት የቅድመ አያት ስም ሲወጣ ማንም ያየው ነው። ይህን የመሰለ የቤተሰብ ማስታወሻ በብዙ አገር ሐኪም ቢፈልግ በቀላሉ አያገኝም። ታዲያ ለጋብቻ የቆጠርነውን ለሕመም ለምን እንደብቀዋለን? ሐኪሙ "በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት አለ?" ሲል "የለም" ብለን የምናልፈው ስማችን እንዳይጠፋ ፈርተን ነው። ያ "የለም" ግን ሐኪሙን ዓመት ያስፈጀዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ደግሞ ይቆጨኛል። እግር የደረቀ ሁሉ የዘር በሽታ የያዘው አይደለም። እዚህ አካባቢ በመጀመሪያ የሚታሰበው የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ጀርባን አጉብጦ ኅብለ ሰረሰርን ይጨቁናል፤ በጊዜ ከተያዘ ግን በመድኃኒት ይድናል። በደምቢያና በፎገራ በኩል ጓያ ለወራት የበላ ሰው ደግሞ፣ በተለይ በረሃብ ዘመን፣ እግሩ ብቻ በድንገት ይደርቃል፤ እጁና ስሜቱ ይተርፋል። ስለዚህ እጅ መዘግየት፣ ጣት መደንዘዝ ሲጨመርበት ዓይናችን ወደ አንገት ይሂድ። ስምጥ ሸለቆ ወርዶ ወንጂ ወይም መተሐራ ለዓመታት የሠራ ሰው ከሆነም የጠጣው ውኃ ይጠየቅ።

ሕክምናውን በአጭሩ ልበል። አጥንት የሆነን ጅማት መልሶ ጅማት የሚያደርግ መድኃኒት የለም። መጠንቀቂያ ግን አለ፤ ውድቀትን መከላከል፣ አንገትን ከኃይለኛ ጥምዘዛ መጠበቅ፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ በየጊዜው መታየት። ቦይው ከጠበበና እጅ እግር መክዳት ከጀመረ ቀዶ ሕክምና አለ። ጃፓኖቹ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአከርካሪውን ቅስት በአንድ ወገን ከፍተው ቦይውን ያሰፋሉ። አገራችን ውስጥም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ይሠለጥናሉ፤ ቁጥራቸው ከአንድ ትውልድ በፊት ከነበረው ጋር አይወዳደርም። ቀዶ ሕክምናው ጉዳቱ ባለበት እንዲቆም ያደርጋል፤ የሞተውን የነርቭ ክፍል ግን አያስነሣም። በምርኩዝ የመጣ በእግሩ ሊሄድ ይችላል፤ ዓመት ተኝቶ የመጣ ግን ለመመለስ ይቸገራል።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ቤታችሁ ውስጥ አንገቱ የማይዞር፣ እጁ የሚዘገይ፣ ቁልቁለት የሚፈራ ሰው ካለ ዛሬ ማታ እጁን አስጨብጡትና ቁጠሩ። ከ20 በታች ከሆነና ሌላ ምክንያት ካጣችሁለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲላክ ጠይቁ። ሐኪሙ ስለ ቤተሰቡ ሲጠይቃችሁም አባቱን፣ አጎቱን፣ ታላቅ ወንድሙን ሳትደብቁ ዘርዝሩለት።